የወፍራሙ ድምፅ ሣጥን

በያመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የቆመ ሰው ዝቅተኛ ድምፅ ማለት ምን እንደ ሆነ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በሚያከብርበት በዚያ ዕለት፣ ያጌጡ ፈረሶች በሽምጥ ሜዳውን ሲያቋርጡ፣ ተመልካቹ ኮቴውን በጆሮው ከመስማቱ አስቀድሞ በጫማው ሥር ያውቀዋል። ድምፁ ከመሬት ተነሥቶ፣ በጉልበት በኩል አልፎ ደረት ላይ ያርፋል። ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ይዳሰሳል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ግን ኮቴው አይደለም፤ ጨርሶ ሊሰማ ያልቻለ አንድ ቤዝ ጊታር ነው። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እዚያው እንጅባራ፣ በሌላ ቀን፣ አንድ የባህል ቡድን ሜዳ ላይ ትርኢት ያሳይ ነበር። መሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው፣ ኪቦርዱና ሁለቱ ጊታሮች በየቦታቸው አሉ። የቤዝ ተጫዋቹ ወጣት ጣቶች ያለ ዕረፍት ይሮጣሉ፤ ግንባሩን ላብ አጥልቆታል። ሆኖም ከሃያ እርምጃ ወዲያ ከቆመው ሕዝብ መካከል የእርሱ ድምፅ የደረሰው አንድም ሰው አልነበረም። ከኋላው የተቀመጠችው ትንሽ ሣጥን፣ ፊቷ ላይ «2000 ዋት» የሚል ወረቀት እንደ ተለጠፈባት፣ እየተንቀጠቀጠች ታጉረመርማለች። ትርኢቱ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ወደ ወጣቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያንተዋ ሳትሰካ ቀረች መሰለኝ» አሉት። የተናገሩት በቅን ልቡና ነበር። እርሱ ግን በሳምንቱ ከቡድኑ ለመሰናበት ጠየቀ።

አባላቱ ተሰብስበው በጉዳዩ ሲመክሩ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ወገን፣ «ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ቤዙን ይሸፍንልናል፤ ስለ ምን ገንዘብ እናባክናለን?» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከየትርኢቱ የተጠራቀመችው ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ደኅና የድምፅ ሣጥን መግዣ ትዋል አለ። ለቡድኑ አልፎ አልፎ ተውኔት ስለምጽፍ እኔም አስተያየት ተጠየቅሁ። በበኩሌ የቃል እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ሙያተኛ ከነመሣሪያው ሊጣል መሆኑን እያየሁ ዝም ማለት ከበደኝ። የሚያውቁትን ጠየቅሁ፤ የተጻፈውንም አነበብሁ። ሣጥን ለመምረጥ የጀመርሁት ጉዞ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። ዛሬ በየገበያው የምንሳሳተው ስሕተት መነሻ ዘመንና መነሻ ቦታ ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ለመሆኑ በአገራችን ወፍራሙን ድምፅ ማን ይሸከመው ነበር? ቀዳሚው ምስክር በገና ነው። በገና ከበግ አንጀት የሚዘጋጁ 10 አውታሮች አሉት፤ ከሥር ያለው የእንጨት ሣጥኑም ቆዳ ይለብሳል። አውታሩ ከሣጥኑ ተነጥሎ ቢመታ ከአንድ ክንድ በላይ ርቆ አይሰማም፤ አየሩን የሚገፋው ቆዳ የለበሰው ሣጥን ነው። አበው በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባለውን ቁራጭ ቆዳ ያስገባሉ፤ አውታሩም ሲርገበገብ እንዚራውን እየነካ ይነዝራል። ይህ ነዘራ በመሠረታዊው ድምፅ ላይ ብዙ ከፍ ከፍ ያሉ ቅርንጫፍ ድምፆችን ይጨምርለታል። ዘመናዊው የድምፅ ሳይንስ እንደሚያስረዳው፣ የሰው ጆሮ ቅርንጫፎቹን በደንብ ከሰማ ሥሩ ደካማ ቢሆን እንኳ ሥሩን ከራሱ አውጥቶ ይሞላዋል። በገና በመጠነኛ ሣጥን ያን ያህል ጥልቀት ሊያሰማን የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ከነበሩት ከዓለሙ አጋ የድምፅ ቅጂዎች አንዱን በትንሽ ራዲዮ እንኳ የሰማ ሰው የምለውን ይረዳልኛል። ራዲዮኗ ዝቅተኛውን ድምፅ ልታወጣ አትችልም፤ ጆሮ ግን ሰምቼዋለሁ ይላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ በገንዘብ እንመነዝረዋለን።

ሁለተኛው ምስክር ነሐስ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ የ40 አርመናውያን ወጣቶችን የነሐስ ሙዚቃ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» በመባል የታወቁትን እነዚህን ወጣቶች ይመራ የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ቱባ የሚባለው ትልቅ ቀንድ ነው። (ስሙ በእኛ ቋንቋ ያልተበረዘ ማለት መሆኑ እንዴት ያለ መልካም አጋጣሚ ነው!) የነሐስ መሣሪያ ሣጥን አይፈልግም፤ ሣጥኑ የነፊው ሳምባና የቀንዱ አፍ ነው። ሰልፉ በሄደበት አብሮ ይሄዳል፤ ሜዳም አያሸንፈውም። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ሠራዊት የተቋቋሙት የሙዚቃ ክፍሎች በዚሁ መሠረት ላይ የታነጹ ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት፣ ኦርኬስትራ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ተቀምጦ የሚጫወትበት ትልቅ አዳራሽ ተገኘ። በእንዲህ ያለው አዳራሽ ውስጥ የወፍራሙ ድምፅ ባለቤት ኮንትራባስ ነው፤ ከቆመ ሰው የሚበልጥ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ የእንጨት ሣጥን። በገናንም ቱባንም ኮንትራባስንም ያዛመዳቸው አንድ ባሕርይ አለ፤ ይኸውም መሣሪያውና ሣጥኑ አንድ አካል መሆናቸው ነው። በገና ገዝቶ ሣጥኑን የረሳ ሰው በታሪክ አልተሰማም።

ይህን አንድነት የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ የተሠራው የሊዮ ፌንደር ቤዝ ጊታር ነው። ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ እንጂ ጊታር ተጫዋች አልነበረም፤ ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል ብዙዎች ያልደፈሩትን የደፈረው። የኮንትራባስን ሆድ ጣለው፤ አራቱን አውታሮች በአንድ ደረቅ ሳንቃ ላይ ወጠረ፤ ድምፁንም በማግኔት ቀርጾ በሽቦ ላከው። ሙዚቀኛው ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ቻለ። ታላቅ ነጻነት ነበር። ነገር ግን የተጣለው ሆድ አልጠፋም፤ በሽቦው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስሙ ብቻ ተለወጠና የስፒከር ሣጥን ተባለ። እንግዲህ ቤዝ ጊታር በሁለት የተከፈለ መሣሪያ ነው፤ ግማሹ ከአንገት ይንጠለጠላል፤ ግማሹ መሬት ላይ ይቆማል። የመጀመሪያውን ብቻ የገዛ ሰው ግማሽ መሣሪያ ገዝቷል። የእንጅባራው ወጣት ያለ ጥፋቱ የተቀጣው በዚህ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን በአንድ ጊዜ አልተገነዘቡትም። ፌንደር ጊታሩን ባወጣ በዓመቱ ቤዝማን የተባለውን ባለ አንድ ስፒከር ድምፅ ማጉያ አከለበት፤ ጉልበቱ ግን ለትንሽ ቤት እንጂ ለትልቅ አዳራሽ አይበቃም ነበር። አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ቢ 15 የሚባለውን፣ ባለ አንድ 15 ኢንች ስፒከር ሣጥን አወጣ። ጉልበቱ 25 ዋት ያህል ብቻ ነበር፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን በአሜሪካ ስቱዲዮዎች እጅግ ከተወደዱት የቤዝ መሣሪያዎች አንዱ ሆነ። ይህ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ለትላልቅ ስታዲየሞች 300 ዋት የሚያመነጭ ኤስ ቪ ቲ የተባለ ማጉያ ሠራ፤ አብረውት የሚሄዱት ሣጥኖች እያንዳንዳቸው 8 ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች የያዙ ነበሩ። ባለ 25 ዋቱ እንዴት ተወደደ? 300 ዋቱ ለምን ያን ያህል ግዙፍ ሣጥን አስፈለገው? ለሁለቱም መልሱ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቤዝ ጊታር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በግል የተቋቋሙት ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች መጫወት በጀመሩበት ዘመን ነው። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ መሪ የነበረው ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር የቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» የሚያደምጥ ሰው ዘፈኑ በቤዙ ላይ እንደ ተጋደመ ይሰማዋል። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወቱት ዋልያስ መላኩ ገብሬን በቤዝ አሰልፈው ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን ታዳሚው ከገባ በኋላ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበርና ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት ሸክላ ስሙ «ቼ በለው» ነው፤ እንጅባራ ላይ ሆኖ ይህን ስም የሚሰማ ሰው ፈረስ ፈረስ ይሸተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። እነዚህ ባንዶች የሚጫወቱት ቤት ውስጥ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው አውታር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ ግድግዳና ጣሪያ ሲያገኝ እየተመለሰ ይደራረባል፤ ቤቱ ራሱ ሁለተኛ ሣጥን ይሆንለታል። ሜዳ ላይ ግን የሚመልሰው የለም፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይጠፋል። በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ የጎንደሩ ፋሲለደስም ሆነ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ ከአዳራሹ ይልቅ ሕዝቡ ወደ ተሰበሰበበት የሚሄዱ ነበሩ። የመዲናው ባንድ በግድግዳ የሚረዳውን፣ የገጠሩ ቡድን በሣጥን ብቻ መሸፈን ነበረበት። ከመዲናው የሚበልጥ ሣጥን የሚያስፈልገው ከመዲናው ያነሰ ገንዘብ የነበረው ነው ማለት ነው።

ጉድለቱን የሸፈነው ሞንታርቦ ነበር። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም መሆኑን ከተጠቃሚው ስንቱ ያውቃል? እኛ ዘንድ በሠርግም፣ በስብሰባም፣ በቤተ ክርስቲያንም የቆመ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ሞንታርቦ ነው። ይሁን እንጂ በየስብሰባው የሚቆመው የተለመደው ሣጥን በዋናነት የሰውን ንግግር ለማድረስ የተመረጠ ነው። ንግግር ከ100 ርግብግቢት በታች ብዙም ጉዳይ የለውም፤ የቤዙ አራት አውታሮች ክፍት ሆነው ሲመቱ ግን አራቱም ከ100 በታች ናቸው። በአንድ ሞንታርቦ ዘፋኙንም ቤዙንም አሳፍረን ስንነዳ፣ ቤዙ ስፒከሩን እየገፋ የዘፋኙን ቃል ያንቀጠቅጠዋል። ይህን የተረዳ ድምፅ ተቆጣጣሪ ምን ያደርጋል? ቤዙን ይቀንሳል። የድምፁ ባለቤት ሳያውቀው ከመድረክ የሚወርደው እንዲህ ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኪቦርድ የባንዱን ግማሽ ብቻውን ዋጠ። ብዙ ካሴቶች በኪቦርድና በመሣሪያ በተቀነባበረ ምት ተሠሩ፤ ከበሮ መቺውም ቤዝ ተጫዋቹም ቤታቸው ገቡ። ሙያውን ጠብቀው ያቆዩት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ሄኖክ ተመስገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘውን ሸክላ ካሳተመው ከአድማስ ባንድ ጋር ቤዝ ተጫውቷል፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምሯል። ዛሬ ሕያው ባንድ ዳግመኛ ተፈላጊ ሆኗል። በአነስተኛ ከተሞች ግን ኪቦርዱ ገና መንበሩን አልለቀቀም፤ አለመልቀቁም ከሙያ እጥረት ይልቅ ከሣጥን እጥረት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም በችክችካው ምት ላይ ሁለቱ እጆች አንድ ልብ ናቸው። ቤዙ ከበሮውን አይቶ፣ ትንሽ ዘግይቶ ወይም ትንሽ ቀድሞ የሚያርፍበትን ያን ንክሻ ግራ እጅ ብቻውን አያመጣውም።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን ምን ይገዛ? ሆፍማን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የደረሰበት፣ በሙያው ዘንድ «የብረት ሕግ» የሚባል አንድ ሐቅ አለ። ከሣጥን ሦስት ነገር እንመኛለን፤ ትንሽ እንዲሆን፣ እጅግ ዝቅ ያለውን ድምፅ እንዲያወጣ፣ በጥቂት ዋትም ጮክ እንዲል። ሕጉ የሚፈቅደው ሁለቱን ብቻ ነው። ትንሽና ጥልቅ የሆነ ሣጥን ይሠራል፤ ብዙ ዋት ይበላል። ትንሽና ጮኺም ይሠራል፤ ጥልቀት አይኖረውም። በድኻ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚተው አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ሻጩ ይወስንለታል።

በእኔ አስተያየት ለእንጅባራ ሜዳ መተው ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ትንሽነትና የመጨረሻው ጥልቀት። ትንሽነትን ለምን እንደምንተው ግልጽ ነው። ጥልቀቱን በተመለከተ ግን በገናን እናስታውስ። ጆሮ ቅርንጫፉን ከሰማ ሥሩን ይሞላዋል ብለናል። የዝቅተኛው አውታር ሥር 41 ርግብግቢት ሲሆን የመጀመሪያው ቅርንጫፉ 82 ነው። ከ60 እስከ 100 ያለውን በጉልበት የሚገፋ ሣጥን ለእኛ ዘፈን ይበቃል። ያ ዝነኛው ባለ 8 ስፒከር የአምፔግ ሣጥን ራሱ እጅግ ዝቅ በማለቱ አይደለም የተወደደው፤ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ ስለሚገፋ ነው። ከ40 በታች ላለው ድምፅ የሚከፈል ገንዘብ በእኛ አቅም ቅንጦት ነው።

ቀጥሎ የዋት ነገር ይመጣል። በገበያው ውስጥ ገዢን እንደ ዋት የሚያታልለው የለም። ወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው 2000 አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ለዐይን ጥቅሻ ያህል የሚችለው ይባል እንጂ የሚሠራበት ጉልበት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ሣጥኑ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያሰማል የሚለው። አንዱ 93፣ ሌላው 99 ቢሆን ልዩነቱ ስድስት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል የዋት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሣጥን በ100 ዋት የሚያሰማውን ለማሰማት የመጀመሪያው 400 ዋት ይፈልጋል። ጥሩ ሣጥን የገዛ ሰው ማጉያውን በርካሽ ይገዛል፤ መጥፎ ሣጥን የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ዋት ሲያሳድድ ይኖራል። ቢ 15 በ25 ዋት የተከበረበት ምሥጢር አንዱ ይህ ነበር።

የስፒከሩ ስፋት ብዙ የሚያከራክር ነው። «15 ኢንች ከ10 ኢንች ይበልጣል፤ ስለዚህ ወፍራም ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ወፍራምነትን የሚወስነው ስፒከሩ ከሣጥኑ ስፋት ጋር ያለው ስምምነት ነው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከእርሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ማንኛውም ስፒከር በጥቂት ቁጥሮች ተገልጾ የሚስማማው ሣጥን በሒሳብ ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬ ታማኝ ስፒከር ሠሪዎች እነዚህን ቁጥሮች አብረው ያወጣሉ። ይህ ለእኛ ታላቅ ወሬ ነው፤ ምክንያቱም ውድ የሆነውን የባሕር ማዶ ሣጥን ትተን ስፒከሩን ብቻ ገዝተን ሣጥኑን እዚሁ ማሠራት እንችላለን ማለት ነው። ግዙፉ ባለ 8 ስፒከር ሣጥን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እርሱን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ማስጫን ምን ማለት እንደ ሆነ በዓባይ በረሃ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብና ጉም የማይለያት ከተማ ናት። ስለዚህ ጣውላው ላይ ቸልተኛ መሆን አይቻልም። ቺፕውድ ርካሽ ነው፤ አንድ ክረምት ካሳለፈ ግን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ብሎኑንም ይተፋል። ስስ ጣውላ ተደራርቦ የተጣበቀበት ኮምፖርሳቶ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መካከሉ ላይ ማጠንከሪያ አግዳሚ የገባለት፣ ማዕዘኑ ሁሉ በኮላ የተደፈነ ሣጥን ይሻላል። አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ የዋት ሌባ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ አካባቢው በቀርከሃ የታወቀ ነውና ሣጥኑን በቀርከሃ እናሠራው ብሎ ነበር። ሐሳቡ የአገር ፍቅር ስላለበት ሁላችንንም አስደሰተ፤ ነገር ግን በየአንጓው ስለሚንኰሻኰሽ ለፊት ጌጥ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ያገለገለ ስፒከር መግዛትም ነውር የለበትም፤ በምርመራ ከሆነ። ጊታሩን ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ ሻጩ በሚያሰማው ዘፈን ቤዝ አይመረጥም። ዝቅተኛውን አውታር ሌላ ሰው ይምታው፤ ገዢው ከሣጥኑ አጠገብ ሳይሆን ከሱቁ ውጭ፣ መንገዱ ማዶ ቆሞ ያድምጥ። የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጅ ጣቶች ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ከጀርባው የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ጥቅልሉ ታሟል። የ1.5 ቮልት ባትሪ ሁለት ጫፎች ሲያስነኩት ወረቀቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዘለል ማለት አለበት፤ ሁለት ስፒከሮች አብረው የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መዝለል አለባቸው። አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ከሆነ ሁለቱ ተያይዘው ዝም ይላሉ።

የኦሙ ነገር ደግሞ አይዘንጋ። ሁለት ባለ 8 ኦም ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲያያዙ ለማጉያው 4 ኦም ይሆናሉ። ከ4 በታች የማይችል ማጉያ ላይ ሦስተኛ መጨመር ማጉያውን ማቃጠል ነው። ለቡድኑ ያቀረብሁት ምክር ከዚህ የተነሣ ነበር፤ ባለ 4 ኦም አንድ ሣጥን ገዝቶ በሩን ከመዝጋት፣ ባለ 8 ኦም አንድ ሣጥን ዛሬ፣ መንትያውን ደግሞ ገንዘብ ሲገኝ። ሁለተኛው ሲጨመር የሚገፋው አየር ይታጠፋል፤ ማጉያውም ጉልበቱን በሙሉ ይሰጣል፤ በጠቅላላው እስከ 6 ዴሲቤል ይገኛል። ግማሹን ገዝቶ መጠበቅ የሚቻልበት ነገር በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ክርክሩ በአንድ ቀን አልተቋጨም። የኪቦርዱ ወገን ገንዘቡ ለአልባሳት ይዋል አለ፤ ይህም ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ የጭፈራ ተጫዋቾቹ ልብስ በእርግጥ ነትቦ ነበርና። በመጨረሻ የወሰነው ክርክር ሳይሆን ሙከራ ነው። ከሌላ ቡድን ባለ አንድ 15 ኢንች ሣጥን ለአንድ ልምምድ ተዋስን። በመጀመሪያ ባዶ በሆነው የእንጨት መድረክ መካከል አቆምነው፤ ያን ያህል አልነበረም። ቀጥሎ ወደ መሬት አወረድነው፤ ጀርባውን ከድንጋዩ ግድግዳ አስጠጋነው። ግድግዳና መሬት ወደ ኋላ የሚባክነውን ሞገድ ወደ ፊት ስለሚመልሱት ያለ ምንም ወጪ ድምፁ ወፈረ። ጭፈራውን የምትመራው ልጅ ሳትታዘዝ እግሯን ማንሣት ጀመረች። ስለ አልባሳቱ አጥብቃ ስትከራከር የነበረችው እርሷው ነበረች።

ስፒከሩ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ያገለገለ ማጉያም ተገኘለት። ሣጥኑን አንድ የእንጅባራ አናጺ በወረቀት ላይ ባወጣንለት ልክ ሠራው፤ ከዚያ በፊት የሠራው አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ ስለ ነበር አየር እንዳያስገባ ሲባል ተገርሞ፣ «ምን ልታስቀምጡበት ነው?» ብሎ ጠየቀን። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዳንግላ ሆነ። ሣጥኑ በሸራ ተጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ተጫነ፤ ወጣቱም ከሾፌሩ ጋር ቦታ ተሰጥቶት ሳለ እንቢ ብሎ ከሣጥኑ ጋር ከላይ ተቀመጠ። በዚያ ምሽት በትርኢቱ መካከል አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስ መጀመሪያ የተሰማው እርሱ ነው።

መንትያው ሣጥን ገና አልተሠራም። ኮምፖርሳቶው ተቆርጦ በአናጺው ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ትርኢት የመግቢያ ገንዘብ ነው።